በ28 ቀን 780 ግራም ብቻ፦ የመኖ ቅልቅሌ ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

የከዚራው (ጠያቂ)
ሰላም ጀማዓው። ድሬዳዋ ውስጥ «ኮብ 500» የሚባል ዝርያ 200 የሥጋ ዶሮ ይዣለሁ። እስከ 10ኛው ቀን የፋብሪካ ስታርተር (የጫጩት መጀመሪያ መኖ) በሉ፤ ከዚያ ወዲህ እኔው ነኝ የምቀላቅለው። ለ100 ኪሎ በቆሎ 48፣ የኑግ ፋጉሎ 22፣ ፉርሽካ 18፣ ከባቢሌ የመጣ የለውዝ ፋጉሎ 10፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1.5፣ ጨው 0.5 ነው። ሳሰላው ፕሮቲኑ 18 ከመቶ ይሞላል። ግን በ28 ቀናቸው አማካይ ክብደታቸው 780 ግራም ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉም በድምሩ 4.2 ኩንታል ገደማ በልተዋል። ለናሙና የታረዱት ደረታቸው የሳሳ፣ ሆዳቸው ስብ የያዘ፣ ቆዳቸው የነጣ ሆነው ተገኙ፤ ጉበታቸው ወደ ቢጫ አድልቷል፣ ክንፍና ታፋቸው ላይ ደም የቋጠረ ቦታ አለ። ጉዝጓዙም ቶሎ ይረጥባል። ከሰዓት በኋላ መኖ አይነኩም ማለት ይቻላል። ምኑን ላስተካክል? ማሽላ ስለሚረክስ በቆሎውን በማሽላ ብተካውስ?

ሰቢያን መኖ
ወንድሜ፣ 18 ያልከው ቁጥር ልክ ነው፤ ግን የሚያሳስት ቁጥር ነው። ዶሮ ፕሮቲን የሚባል ነገር አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት ፕሮቲኑ ሲፈጭ የሚወጡት አሚኖ አሲዶች ናቸው። የሥጋ ዶሮ ላይ ቀድመው የሚያጥሩት ሁለቱ ሜታዮኒንና ላይሲን ናቸው። ኑግም ለውዝም በላይሲን ድሃ ናቸው። የአንተን ቅልቅል ባሰላው ላይሲኑ 0.63 ከመቶ፣ ሜታዮኒኑ 0.30 አካባቢ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ላይሲን 1.1፣ ሜታዮኒን 0.5 ያህል መሆን ነበረበት። ግማሽ ነህ ማለት ነው።

የደረት ሥጋ ከሌላው አካል ይልቅ ላይሲን ይበላል። ላይሲን ሲያጥር ደረቱ አይገነባም፤ ሥጋ ሊሆንበት ያልቻለው ኃይል ደግሞ ሆድ ውስጥ በስብ መልክ ይቀመጣል። «ቀጭን ደረት፣ ወፍራም ሆድ» ያልከው ከዚህ ነው የመጣው፤ ብዙ ስለበሉ አይደለም።

ሁለተኛው ቃጫው (ዶሮ የማትፈጨው የመኖ ክፍል) ነው። 22 ኪሎ ኑግና 18 ኪሎ ፉርሽካ አንድ ላይ ሲገቡ ቃጫው 8 ከመቶ ይደርሳል፤ ለሥጋ ዶሮ ከ5 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ኃይሉም በኪሎ ወደ 2,580 ኪሎካሎሪ ወርዷል፤ 3,000 አካባቢ ነበር የሚፈለገው። ሆዳቸው ይሞላል፣ ግን አልበሉም።

ሦስተኛ፣ ፎስፈረስ የለህም። ኖራ ድንጋይ ካልሲየም ብቻ ነው የሚሰጥ። በእህልና በፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ታስሮ የተቀመጠ ስለሆነ ዶሮ አታወጣውም። እግራቸው እስካሁን ካልታጠፈ የስታርተሩ ስንቅ ነው ያቆያቸው። ቫይታሚንና ማዕድን የያዘው ፕሪሚክስም አልገባም።

ሒሳብህን እንካ፦ 4.2 ኩንታል ለ200 ሲካፈል ለአንዷ 2.1 ኪሎ ነው፤ ስትፈለፈል የነበራት 40 ግራም ሲቀነስ የጨመረችው 740 ግራም። ለ1 ኪሎ ክብደት 2.8 ኪሎ መኖ አውጥተሃል። መኖህ 30 ከመቶ ተወዶ ይህ ቁጥር ወደ 2 ቢወርድ ያኔም ታተርፋለህ።

ዶክተር (የእንስሳት ሐኪም፣ ሐረር)
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ቢጫ ጉበትና የቋጠረ ደም በላይሲን እጥረት ብቻ አይገለጽም። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የለውዝ ፋጉሎውን ነው። ለውዝ ከማሳ ጀምሮ፣ በተለይ እርጥብ ሆኖ ሲከማች፣ አፍላቶክሲን የሚያወጣ ሻጋታ ይይዘዋል። ዘይቱ ሲጨመቅ መርዙ በብዛት ከዘይቱ ጋር አይወጣም፤ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። በብዙ አገር ለዶሮ መኖ የሚፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 20 ማይክሮግራም ነው፤ ይህ በዓይን አይታይም፣ በአፍንጫም አይለይም። ሻጋታ የማይታይበት ፋጉሎ ንፁህ ነው ማለት አይደለም።

አፍላቶክሲን ጉበቱን ያቢጨዋል፣ ያሳብጠዋል፤ ደም የሚያረጉትን ነገሮች ያሳንሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችንም ያደክማል። ዶሮዋ ስትያዝና ስትጫን ትንሽ ብትነካ ሥጋዋ ውስጥ ደም ይቋጥራል። ቆዳ የሚያቢጨውን ቀለም ከመኖ ውስጥ የመምጠጥ አቅሟም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ትገረጣለች። ክትባትም በደንብ አይዝላትም።

ስለዚህ የለውዙን ፋጉሎ ዛሬውኑ አውጣው። «ለላም ልስጠው» እንዳትል፤ መርዙ ወደ ወተት ያልፋል። የኑጉም ፋጉሎ ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም፤ በጅምላ ገዝተህ ሲሚንቶ ላይ ደፍተህ ከሆነ ከመሬት ከፍ አድርገህ ከግድግዳ አርቀው። ቤንቶናይት (የሸክላ አፈር ዓይነት) ካገኘህ በ100 ኪሎ ከ250 እስከ 500 ግራም መቀላቀል አፍላቶክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዛል። መርዙን አያጠፋም፤ የሻገተ መኖ ለማስበላት ፈቃድ አይደለም።

በነገራችን ላይ ኩሱ ላይ ደም ካለ ወይም ቡና የመሰለ ፈሳሽ ከሆነ ጉዳዩ ኮክሲዲያ (በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ የአንጀት በሽታ) ሊሆን ይችላል፤ መኖ ከመቀየርህ በፊት አንድ ሁለቱን አስመርምር።

እቴቴ ፋጉሎ
የኔ ወንድም፣ ለቀሩት ቀናት ይሄን ሞክር። 28 ቀን ቢሆናቸውም አካላቸው የ18 ቀን ነው፤ ፊኒሸር (የመጨረሻ ደረጃ መኖ) ላይ እንዳትዘልል። ለ100 ኪሎ ግሮወር (የማሳደጊያ መኖ)፦

በቆሎ 59
የተቆላ አኩሪ አተር 18
የአኩሪ አተር ፋጉሎ 14
የኑግ ፋጉሎ 5
ዲሲፒ (ፎስፈረስና ካልሲየም የሚሰጥ ዱቄት) 1.6
የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1.2
የሥጋ ዶሮ ፕሪሚክስ 0.5
ጨው 0.3
ላይሲን 0.2
ሜታዮኒን 0.2

ፕሮቲኑ 19.7፣ ኃይሉ 3,000 አካባቢ፣ ላይሲኑ 1.15 ይወጣል። 1.3 ኪሎ ገደማ ሲደርሱ ከተቆላው አኩሪ አተር 4 ኪሎ ቀንሰህ በቆሎውን 4 ኪሎ ጨምርበት፤ ፕሮቲኑ ወደ 18.5 ይወርዳል፣ ያ ፊኒሸርህ ነው። ከአሮጌው ወደ አዲሱ በአንድ ቀን አትገልብጥ፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እያልክ በአራተኛው ቀን ሙሉ አድርገው። ለውዙን ግን ቀስ በቀስ ሳትል በአንዴ አውጣ።

አኩሪ አተሩ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። ጥሬው ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያግድ ነገር አለበት፤ ዶሮዋ በልታ በልታ አታድግም፣ ጉዝጓዙም ይረጥባል። ስትቆላው ምጣዱ ላይ በስሱ ዘርጋና ሳታቋርጥ አማስል፤ ፍሬው ወርቃማ ሆኖ ጥሬ የባቄላ ጣዕሙ ሲጠፋ አውጣ። ከጠቆረ ላይሲኑ ተቃጥሏል፣ ገንዘብህም አብሮ። መቁላቱ ካስቸገረህ ዘፍዝፈህ አሳድረህ፣ ከፈላ በኋላ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀቅለህ ፀሐይ ላይ አድርቀው፤ የድሬ ፀሐይ ለዚህ ምን ያንሳታል!

መብሰሉን የምታይበት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ አኩሪ አተር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዩሪያ ማዳበሪያና ትንሽ ውሃ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ በጥብጥ። በሌላ ጠርሙስ ጥሬውን እንዲሁ አድርገህ ለማነጻጸሪያ አስቀምጥ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትከፍተው ጥሬው አፍንጫ የሚወጋ የአሞኒያ ሽታ ያወጣል። የተቆላውም እንደዚያው ከሸተተ አልበሰለም፣ መልሰህ ቁላው። ጠርሙሱን ግን ለሌላ ነገር አትጠቀምበት።

የተቆላውን ብቻውን አትፍጨው፣ ዘይቱ ወንፊቱን ይደፍነዋል፤ ከበቆሎው ጋር አብረህ አስፈጭ። ወፍጮ ቤት «እንደ ጤፍ አልመው» ብለህ እንዳታስፈጭ፤ ዱቄቱ ምንቃር ላይ ይለጠፋል። ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ወንፊት በቂ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚሆን አታስፈጭ፤ በዚህ ሙቀት ዘይቱ ይበላሽና ሽታው እስከ ሥጋው ይደርሳል።

ጥቃቅኖቹን (ፕሪሚክስ፣ ላይሲን፣ ሜታዮኒን፣ ጨው) መጀመሪያ ከ2 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር፣ ከዚያ ከ10 ኪሎ ጋር፣ በመጨረሻ ከሙሉው ጋር አዋህድ። በአካፋ ክምሩን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቢያንስ አምስት ጊዜ አገላብጥ። 200 ግራም ሜታዮኒን በቀጥታ 100 ኪሎ ላይ በትነህ ብትተወው አንዷ ዶሮ ሁሉን ትበላለች፣ ሌላዋ ምንም።

ኑግ ፋጉሎ ስትገዛ አንድ እፍኝ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምር። ከታች አሸዋ ከዘቀጠ አሸዋ ነው የገዛኸው።

ሙይራ
ማሽላውን አትናቁት። ታኒን (አፍ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር) የሌለው ማሽላ ከበቆሎ ጋር ሲወዳደር ኃይሉ ትንሽ ነው የሚያንሰው፤ የበቆሎውን ግማሽ ያለ ችግር ይተካል። ችግሩ ታኒን ያለበት ነው፤ ፕሮቲኑን አስሮ ይዞት ይወጣል። ቀይ ሁሉ ታኒን አለው፣ ነጭ ሁሉ የለውም የሚባለው ትክክል አይደለም። የማሽላው ዝርያ ፈንዲሻም ይባል ሙይራ፣ ፍሬውን በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ፤ ከላይኛው ቅርፊት ሥር ጠቆር ያለ ቡኒ ሽፋን ካለ ለሥጋ ዶሮ አትግዙት።

ሰቢያን መኖ
@ሙይራ በዚህ እስማማለሁ፣ ግን አሁን አይደለም። እነዚህ ዶሮዎች ገና ከመርዝ እያገገሙ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ማሽላውን ለሚቀጥለው ዙር አቆየው። ስለ ቆዳው ቀለም ደግሞ፦ ገበያ ላይ ያለው በቆሎ አብዛኛው ነጭ ነው፣ ማሽላም ቆዳ የሚያቢጨው ቀለም እምብዛም የለውም። ቢጫ በቆሎ ካልገባ ቆዳው ቢጫ አይሆንም፤ ያ የጤና ጉድለት አይደለም። ሆቴሉ ቢጫ ካላለ ለቀለም ብር አታውጣ።

የከዚራው
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ላይሲንና ሜታዮኒን በችርቻሮ ባጣስ? ኮንሰንትሬት (ፕሮቲን፣ ቫይታሚንና ማዕድን አስቀድሞ የተቀላቀለበት) ገዝቼ ከበቆሎ ጋር መቀላቀል አይቀልም? ደግሞ ከሰዓት አለመብላታቸው መኖው ስለማይጥማቸው ነው?

እቴቴ ፋጉሎ
ይቀላል። ከረጢቱ ላይ «ለሥጋ ዶሮ» የሚል መሆኑን እይ፣ የተጻፈውን መጠን አትቀንስ፣ አትጨምር። ፕሪሚክስና ላይሲን ውስጡ ካለ ሌላ አትደርብበት። የእንቁላል ዶሮ መኖ ረከሰ ብለህ እንዳትገዛ፤ ካልሲየሙ 3.5 ከመቶና ከዚያ በላይ ነው፣ ላንተ 0.9 ነው የሚበቃህ። ትርፉ ኩላሊታቸውን ይደፍናል።

ጉዝጓዙን በተመለከተ ጨውህ ትንሽ በዝቷል፤ 0.3 ይበቃል። የኖራ ድንጋዩንም ከየት እንደመጣ ጠይቅ። ማግኒዥየም የበዛበት ድንጋይ ኩስ ያቀጥናል። ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ ደግሞ ፈጽሞ መኖ አይደለም።

ዶክተር (የእንስሳት ሐኪም፣ ሐረር)
ከሰዓት አለመብላታቸው ጣዕም አይደለም፣ ሙቀት ነው። ምግብ ሲፈጭ ሰውነት ይሞቃል፤ ዶሮ ላብ የላትም፣ በዋናነት በማለክለክ ነው የምትበርደው። መኖው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ይቅረብ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ መመገቢያውን ከፍ አድርገህ ስቀል፣ 10 ሰዓት ሲሆን መልስ። ማታ ለተወሰኑ ሰዓታት መብራት ተውላቸው፤ የቀኑን የሚያካክሱት ያኔ ነው። ሲያለከልኩ የሚዛባውን የደም አሲድ ሚዛን ለማስተካከል በ100 ኪሎ መኖ 200 ግራም ቤኪንግ ሶዳ መጨመር ይቻላል፤ ሶዲየም ስላለው ጨውን ከ300 ወደ 200 ግራም አውርድ። ውሃው ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ጣሪያ ላይ ካለ ጥቁር ሮቶ በቀጥታ የሚወርድ ውሃ በቀትር አይጠጣም። ውሃ ካልጠጡ ደግሞ አይበሉም።

የከዚራው
ስንት ኩንታል ላዘጋጅ? ሆቴሉ 1.3 ኪሎ የታረደ ነው የሚፈልገው።

ሰቢያን መኖ
1.3 የታረደ ለማውጣት በሕይወት 1.85 አካባቢ መድረስ አለባቸው። ከ780 ግራም ሲነሱ 1.07 ኪሎ ይቀራቸዋል። ለአንድ ኪሎ 2.1 ኪሎ መኖ ብለህ ብትይዝ ለ200 ዶሮ 4.5 ኩንታል ነው። ሁሉን በአንዴ አትፍጭ፣ ለሳምንት ለሳምንት አድርገው። በየሳምንቱ ያንኑ ሰዓት፣ መኖ ከመብላታቸው በፊት፣ ከየጥጋጥጉ እየያዝክ መዝን፤ በሩ አጠገብ ያሉትን ብቻ ከያዝክ ደካሞቹን ነው የምትመዝነው።

ዶክተር (የእንስሳት ሐኪም፣ ሐረር)
ከመታረዳቸው በፊት ሦስት ነገር። የዓሣ ዱቄት ሰው ከመከረህና ካስገባህ ቢያንስ በመጨረሻው ሳምንት፣ ቢቻል በሁለቱ፣ አውጣው፤ ሽታው ወደ ሥጋው ይገባል። መድኃኒት ወይም ፀረ ኮክሲዲያ ሰጥተህ ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመታገሻ ቀን ሳያልቅ አትሽጥ። መኖውን ከመታረዳቸው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ቀድመህ አንሳ፤ ከዚያ ካነሰ አንጀቱ ሞልቶ ሲበለት ሥጋውን ያቆሽሻል፣ ከ12 ከበለጠ አንጀቱ ይሳሳና ይቀደዳል፣ ክብደትም ይጎድላል። ውሃ እስኪያዙ ድረስ አይነሳባቸው። ስትይዝ በማታ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ሁለት እግራቸውን ይዘህ እንጂ በክንፍ አይሁን፤ ለውዙ ቢወጣም ሥጋው ላይ ደም መቋጠሩ ወዲያው አይቆምም።

የከዚራው
ለውዙ ወጥቷል። አኩሪ አተሩን ነገ ከቀፊራ ገበያ እገዛለሁ፤ የጠርሙሱን ሙከራ ውጤት እዚሁ እጽፋለሁ።