«አንተ ራስህ ታጨስ የለ?» መልስ ነው ወይስ ማምለጫ?

ጥያቄ፦
ታላቅ ወንድማችን ሲጋራ ያጨሳል። ሰሞኑን ትንሹን ወንድሜን «እንዳትጀምር፣ ሳንባህን ነው የሚጨርሰው» ብሎ ሲመክረው፣ ልጁ ቀበል አድርጎ «አንተ ራስህ ታጨስ የለ?» አለው። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን፤ ወሬውም እዚያው አበቃ። በኋላ ሳስበው ግን አልዋጥልሽ አለኝ። የሆነ ነገር ተሸውዷል፣ ምን እንደሆነ ግን መናገር አቃተኝ። እናንተ እንዲህ ያለውን በጨዋታ መሀል እንዴት ትለዩታላችሁ? ደግሞስ የተናጋሪውን ማንነት ማየት ሁልጊዜ ስህተት ነው?

መልስ 1፦
ልጁ ጥብቅና ያዋጣዋል! ግን መልስ አልሰጠም። የተባለው ስለ ሲጋራ፣ የመለሰው ስለ ወንድሙ። እኔ ሲያጠራጥረኝ «ይህንኑ አጭሶ የማያውቅ ሰው ቢለውስ?» እላለሁ። ያኔ ልጁ የሚለው ያጣል፤ ሲጋራው ግን ያው ሲጋራ ነው።

መልስ 2፦
ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ይህ ጉዳይ ሲነሳ ሮናልድ ፊሸርን ሳልጠቅስ አላልፍም። የዘመናዊ ስታቲስቲክስን መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን «ሲጋራ የሳንባ ካንሰር ያመጣል» የሚለውን ድምዳሜ አጥብቆ ተቃወመ። ምናልባት ሰውን ለማጨስም ለካንሰርም የሚያጋልጥ አንድ የዘር ውርስ ይኖራል ባይ ነበር። ሰውየው ደግሞ ራሱ ፒፓ አጫሽ ነው። በዚያ ላይ የትምባሆ አምራቾች አማካሪ!

«ተዉት፣ የእነሱ ሰው ነው» ብሎ መዝጋት እንዴት ያጓጓል። መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ሐሳቡ ግን ከማያጨስ ሰው ቢመጣም መልስ ይፈልግ ነበር። መልሱም ተገኘ። ጀሮም ኮርንፊልድና ባልደረቦቹ በ1959 ነገሩን ወደ ስሌት አወረዱት። አጫሾች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከማያጨሱት 9 እጥፍ ከሆነና ጥፋቱ የሲጋራው ሳይሆን የዚያ የተደበቀ ምክንያት ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱም በአጫሾች ዘንድ ቢያንስ 9 እጥፍ በዝቶ መገኘት አለበት። እንዲህ ያለ ነገር ያሳየ አልነበረም። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂልም ከ1951 ጀምረው የብሪታንያ ሐኪሞችን ዓመት ከዓመት ይከታተሉ ነበር፤ ውጤቱ ወደዚያው አመለከተ። ፊሸር የተረታው በዚህ እንጂ በፒፓው አይደለም።

ምስክርነት ሲሆን ግን ይለያል። አንድ ሰው «በዓይኔ አይቻለሁ፣ እመኑኝ» ብቻ ካለ፣ ማስረጃው እሱ ራሱ ነው። ያኔ ይዋሻል ወይ፣ ምን ያተርፋል ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

መልስ 3፦
እኔ አልስማማም። ታላቅ ወንድምየው የምሩን ቢያምንበት መጀመሪያ ራሱ አይተወውም ነበር?

መልስ 2 (በድጋሚ)፦
ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል እኮ። ማመንና መተው ለየቅል ናቸው፤ እንዲያውም ሊተው ሞክሮ ያቃተው ሰው ጉዳቱን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ደግሞ ባያምንበትስ? አላመነም ማለት ሲጋራ አይጎዳም ማለት አይደለም። ለልጁ አርአያ ይሆናል ወይ ከተባለ፣ አይሆንም። ያ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ሽወዳው የሚያልፈን።

ጠያቂዋ፦
ገባኝ። ታዲያ በቦታው ምን ይባላል? «ይሄ የሎጂክ ስህተት ነው» ብል በእኔ ነው የሚስቁት።

መልስ 1፦
እንዳትዪ! ስያሜውን መጥራት ማንንም አሳምኖ አያውቅም። የልጁ መልስ ስህተት ስለሆነም ብቻ የወንድምሽ ምክር ትክክል አይሆንም፤ እሱ በራሱ ማስረጃ ነው የሚቆመው። ይልቅ ታላቅየው ክሱን ይቀበል። «አዎ አጨሳለሁ፣ ግብዝ በለኝ። አሁን ወደ ሳንባው እንመለስ» ይበለው። ልጁ የሚመዘው ሌላ ካርድ የለውም።

ጠያቂዋ፦
«ግብዝ በለኝ»? ወንድሜን አታውቀውም ማለት ነው። ለማንኛውም ቃሉን እኔ እልለታለሁ።