ከቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ማስመጣት፦ አዲሱ የኤክስፖርት ፈቃድና ያልተፈታ አፕ

ጠያቂ፦ ለገጣፎ 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ፎልክስዋገን አይዲ 4 ክሮዝ፣ የቻይናውን ስሪት፣ ለማስመጣት ፕሮፎርማ ደርሶኛል። ሻጩ ቲያንጂን ያለ ነጋዴ ነው። «መኪናው 0 ኪሎ ሜትር ነው፣ በወረቀት ግን ያገለገለ ተብሎ ነው የሚወጣው፣ አታስብ» ይለኛል። ትራንዚተሩ ደግሞ ቻይና ሕጉን ስለቀየረች ተጠንቀቅ አለኝ። ሦስት ነገር ልጠይቅ፦ ያገለገለ መባሉ ምን ያስከትላል? መኪናውን በስልክ የሚያዙበት አፕ በቻይና ስልክ ቁጥር ካልሆነ አይከፈትም የሚባለው እውነት ነው? ግቢዬ ውስጥ ያለው ተራ የቤት ቆጣሪ ነው፣ ቻርጅ ለማድረግ ይበቃል?

መልስ፦ ሰነድ ቃሊቲ

ትራንዚተርህ ልክ ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 (በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1፣ 2026) ጀምሮ በባትሪ ብቻ የሚሄድ የቤት መኪና ከቻይና የሚወጣው በኤክስፖርት ፈቃድ ነው። ፈቃዱን መጠየቅ የሚችለው አምራቹ ወይም አምራቹ የወከለው ላኪ ነው። ድሮ ማንኛውም ነጋዴ ከሾውሩም ገዝቶ መርከብ ላይ ይጭን ነበር፤ ያ በር ተዘግቷል።

የአንተ ሻጭ የያዘው ሁለተኛውን በር ነው። አዲሱን መኪና እዚያው ቻይና በስሙ ያስመዘግብና «ያገለገለ» ብሎ ያወጣዋል። ያገለገለ መኪናም የራሱ ፈቃድ አለው፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ ደግሞ ቁልፍ ተጨምሮበታል፦ ከተመዘገበበት ቀን አንስቶ ለኤክስፖርት እስከሚያመለክትበት ቀን ድረስ ከ180 ቀን ያልበለጠ ከሆነ፣ አምራቹ የጥገና አገልግሎት ማረጋገጫ ደብዳቤ በማኅተም መስጠት አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አገር ውስጥ በዋጋ ፉክክር የረከሰው መኪና በዚህ መንገድ እየወጣ፣ መለዋወጫና ጥገና በሌለበት አገር ሲቆም ስሙ የሚጠፋው የፋብሪካው ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ሕጉ ለእኛም አይከፋም፤ የሚጎዳው መሃል ላይ ገንዘብ የከፈለ ሰው ነው።

ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ከመላክህ በፊት የሻንሲ ቁጥሩንና የመኪናውን የቻይና መመዝገቢያ ደብተር ፎቶ አስልክ። ለአይዲ 4 ክሮዝ ቁጥሩ የፋብሪካው መለያ በሆነው «ኤል ኤፍ ቪ» መጀመር አለበት። አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይነግርሃል፦ «አር» 2024፣ «ኤስ» 2025። 180 ቀኑ የሚቆጠረው ግን ደብተሩ ላይ ካለው የምዝገባ ቀን ነው። ሻጮች እዚህ ላይ ሆን ብለው ያምታታሉ።

ክፍያው በኤል ሲ (ባንክ ሰነዶቹን አይቶ ለሻጩ በሚከፍልበት መንገድ) ከሆነ ከሚቀርቡት ሰነዶች ዝርዝር ውስጥ የኤክስፖርት ፈቃዱን ኮፒ አስገባ። ባንክ መኪና አያይም፣ ወረቀት ነው የሚያየው። ዝርዝሩ ላይ ያልጻፍከውን ማንም አይጠይቅልህም።

መልስ፦ ሶፍትዌር ጎሮ

ወደ አፑ ልምጣ። አዎ፣ እውነት ነው። መኪናው ውስጥ ያለው ሲም የቻይና የስልክ ድርጅት ነው፣ በቻይና ሕግ ደግሞ የመኪና ሲም በባለቤቱ መታወቂያ ስም መመዝገብ አለበት። እዚህ ሲደርስ ኔትወርክ አያገኝም፣ ባለቤት ነኝ ብለህም ከዚህ ሆነህ በእኛ ፓስፖርት ማስመዝገብ አስቸጋሪ ነው። ናቪጌሽኑም የያዘው የቻይናን ካርታ ነው።

«ፋብሪካው ለምን ሰርቨሩን አይከፍትልንም?» የሚል ብዙ ነው። ቻይና ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ለመኪና መረጃ ብቻ የወጣ ደንብ አላት፦ ወሳኝ የተባለው መረጃ አገር ውስጥ ይቀመጣል፣ ወደ ውጭ ሲሄድ የደኅንነት ግምገማ ያልፋል። በ2021 ኖቬምበር ሥራ ላይ የዋለው የግል መረጃ ሕግም ሰው የት የት እንደሄደ የሚያሳየውን መረጃ ከጥብቅ የግል መረጃዎች ውስጥ መድቦታል። በማርች 2024 ሕጉ ሲላላ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው በታች የሆነ ተራ መረጃ ከወረቀት ሥራ ነጻ ወጣ፤ ጥብቅ መረጃ ግን አልወጣም። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ለውጭ ገበያ ሌላ ሰርቨር፣ ሌላ አፕ፣ ሌላ ስሪት ነው የሚያዘጋጁት። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና እዚህ መጥቶ ሁለቱም ዘንድ እንግዳ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበው ሌላ ነው። መኪናው በቀድሞው ባለቤት ወይም በነጋዴው አካውንት እንደታሰረ ከመጣ፣ አንድ ቀን ኢንተርኔት ሲያገኝ (በስልክህ ሆትስፖትም ቢሆን) ያ ሰው ያለህበትን ሊያይ፣ በር ሊቆልፍ ይችል ይሆናል። የእኛ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ቲያንጂን ድረስ ሄዶ አያስፈታልህም። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት አንድ ያልተቆረጠ ቪዲዮ ጠይቅ፦ ካሜራው ከመስታወቱ ሥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር ያሳይ፣ ከዚያ ሳይቋረጥ አፑ ላይ መኪናው ሲሰረዝ፣ በመጨረሻም ስክሪኑ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ ተመልሶ የመግቢያ ኪውአር ኮድ ሲያወጣ። የሰው ስም ወይም ፎቶ ስክሪኑ ላይ ካለ አልተፈታም።

ሜኑውን ወደ እንግሊዝኛ እንቀይራለን የሚሉ ልጆች ጋ ከሄድክ፣ መጀመሪያ የነበረውን ሶፍትዌር ቅጂ ይያዙልህ። ከዚያ ዋይፋይ ላይ የሚመጣውን አፕዴት አትቀበል፤ ግማሽ ላይ ቀጥ ሊል ይችላል።

መልስ፦ ሱሉልታ ኤሌክትሪክ

ቆጣሪው ይበቃል፣ ቀስ ካልክ። ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይወስዳል፤ በ10 ሰዓት 22 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፣ ለከተማ ሥራ ከበቂ በላይ። 32 አምፔር የግድግዳ ቻርጀር ከፈለግክ ግን መጀመሪያ የቆጣሪህን አቅም አስጠይቅ፣ ከብሬከሩ ጀምሮም 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለብቻው ይሳብ።

ከከተማ ወጣ ባሉ ሰፈሮች ዋናው ችግር አርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የደኅንነት ሽቦ) ነው። ቻርጀሩ ቀይ መብራት እያበራ እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ቻርጀሩ አልተበላሸም፤ አርዝ አላገኘም። በመልቲሜትር ለካ፦ በፌዝና በአርዝ መሃል 220 ገደማ፣ በኒውትራልና በአርዝ መሃል ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። አንዳንዱ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከአርዙ ጋር አስሮ መብራቱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ኒውትራሉ አንድ ቀን ፖሉ ላይ ከተበጠሰ የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል። የመዳብ ዘንግ አስተክል፣ ሌላ መላ የለውም።

መኪናው የቻይናን ሶኬት (ጂቢቲ) ነው የያዘው። ለዝግታው ቻርጅ አዳፕተር ቢያስፈልግህ፣ አዳፕተሩ የሚሠራው በአብዛኛው ሽቦን ከሽቦ ማገናኘት ነው። ለፈጣኑ ግን ሁለቱ ሥርዓቶች የሚነጋገሩበት ቋንቋ የተለያየ ስለሆነ አዳፕተሩ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለ፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ርካሽ ካየህ ተጠራጠር።

መልስ፦ ገላን መለዋወጫ

በዚህ ተሰላችተህ ወደ ሌላ አገር ከማየትህ በፊት፦ የታይላንድ፣ የሕንድና የጃፓን መሪ በቀኝ ነው። ኮሪያ መሪው ይሆናል፣ የፈጣን ቻርጅ ሶኬቱ ግን በአሜሪካ የነበረው ዓይነት (ሲሲኤስ 1) ነው።

ጠያቂ፦ ለገጣፎ 2018

እግዜር ይስጥልኝ። ደብተሩን ላከልኝ፤ ከተመዘገበ ገና ሁለት ወሩ ነው። የፋብሪካው ደብዳቤ በኋላ ይደርሳል ይላል።

መልስ፦ ሰነድ ቃሊቲ

«በኋላ» አይሠራም፣ ያለ ደብዳቤው ፈቃዱ አይወጣም። አሁኑኑ ኮፒውን ይላክ፤ ሲልክም መድረሻው ኢትዮጵያ መባሉን፣ የሻንሲ ቁጥሩ የአንተ መሆኑንና ጥገና የሚሰጠው ድርጅት መጠቀሱን ተመልከት። ለሌላ አገር የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው የሚያዞሩ አሉ። ማምጣት ካልቻለ ያለው ምርጫ 180 ቀኑን አሳልፎ ማመልከት ነው። ያን ካደረጋችሁ የማቆያው ኪራይ በማን እንደሆነ፣ ባትሪውም ግማሽ ገደማ ላይ ሆኖ እንዲቆይ ኮንትራቱ ላይ ይግባ፤ ቅድሚያ ክፍያውንም እስከዚያ አትልቀቅ።