ዝናብ ላይ ገዢ ሊያይ ይመጣል፤ ላሳየው ወይስ በጋ ልጠብቅ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም፣ አስቸኳይ ነው። ለሽያጭ ያወጣሁትን መሬት ሁለት ሰው አይቶ ሄዶ ሁለቱም ጠፉ። ሦስተኛው ቅዳሜ ይመጣል። መግቢያው ላይ መኪና ይሰምጣል፣ ሣሩ ወገብ ደርሷል፣ የወሰን ድንጋዮቹ አይታዩም። ከገበያ ላውጣው? መሬት ደህና ዋጋ የሚያወጣው በየትኛው ወር ነው?

በጋ ነው፦ በጋ። ሌላ ምን ጥያቄ አለው!

ቀያሽ፦ ወንድሜ፣ ወሩን ተወውና ድንጋዮቹን ፈልግ። ወሰኑን ያላየ ገዢ ቀብድ አይከፍልም። ሣሩን በሙሉ ማጨድ አያስፈልግም፤ በወሰኑ መስመር ሁለት ሜትር ስፋት ብቻ እጨድና በየማዕዘኑ ቁመቱ ከሣሩ የሚበልጥ ችካል ትከል፣ ጫፉን ቀይ ቀባው። አንድ ድንጋይ ከጠፋ በግምት እንዳትተክል፤ ከጎረቤት ጋር የሚያካስሰው እሱ ነው። ቀያሽ ይለካው።

ጠያቂ፦ እህትህ ነኝ። አመሰግናለሁ። መግቢያውስ? ጠጠር ላስደፋ?

ጠጠር፦ ጭቃው ላይ ዝም ብለሽ ካስደፋሽ በሳምንት ይውጠዋል። መጀመሪያ ውሃው የሚሄድበት ቦይ በጎን ይቀደድ። ከዚያ ለስላሳው ጭቃ እስከ ጠንካራው አፈር ይገፈፍ፣ ሥሩ ሻካራ ድንጋይ፣ ላዩ ጠጠር። 4 ሜትር ስፋት በ10 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሳንቲም ውፍረት ማለት 6 ሜትር ኩብ ነው። ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ 7 ተኩል እዘዢ። ቅዳሜ ካልደረሰ መኪናውን ደረቅ ቦታ አስቁመሽ በእግር አስገቢው፤ ቦቲ ይዞ እንዲመጣ ቀድመሽ ንገሪው።

ቀልደኛው፦ በጀልባ ውሰጂው። «የውሃ ዳር መሬት» ብለሽ ዋጋ ጨምሪበት።

ሒሳብ፦ «መቼ ልሽጥ» ከማለትሽ በፊት ገዢሽ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ፤ እሱን አልነገርሽንም። አራሽ የሚገዛው ምርት ተሰብስቦ ገንዘብ እጁ ከገባ በኋላ፣ ቀጣዩ እርሻ ሳይጀመር ነው። ሰብል ቆሞበት ከሸጥሽ ማን እንደሚያጭደው ውሉ ላይ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ጠብ ነው። ቤት ሠሪ ደግሞ በደረቁ ወቅት መሠረት መቆፈር ይፈልጋል፤ ፕላንና ፈቃድ ወራት ስለሚበሉ ግዢውን ከዚያ በፊት፣ ማለትም ዝናቡ ላይ መጨረስ አለበት። እናም ለእሱ ጊዜው አሁን ነው።

በጋ ነው፦ እኔ አሁንም በጋ እላለሁ። ፎቶውም ያምራል።

ቀያሽ፦ ፎቶ በጋ ላይ ይነሳና ይቀመጣል፤ ለፎቶ ብሎ ሽያጭ አይቆምም። ስታነሺ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ይሁን፤ ጥላው ተዳፋቱን ያሳያል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ሜዳ ይመስላል።

ተከራካሪ፦ ጭቃው ነው ያባረራቸው ያለሽ ማነው? ከዋጋው ወይም ከሰነዱ ይሆናል። ደውለሽ ጠይቂያቸው። አስተዋይ ገዢማ ዝናብ ላይ ማየት ይመርጣል፤ ውሃ የት እንደሚተኛ ያኔ ነው የሚታወቀው። ሁለት ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሪና በማግስቱ ውሃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ አሳዪው። ደረቅ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም። ውሃ ከሞላም አትደብቂ፤ ኋላ ውል ያስፈርሳል።

ጠያቂ፦ ጉድጓድ? ሊሸጥ ነው እንጂ ሊታረስ አይደለም እኮ 😅 የባንክ ዕዳ ስላለበት ብዙ መቆየት አልችልም።

ሒሳብ፦ ይኼን መጀመሪያ መናገር ነበረብሽ! ወለዱ በወር 1 በመቶ ቢሆን አምስት ወር መጠበቅ ከዕዳው 5 በመቶ ያስጨምርሻል፣ ግብሩ ሳይቆጠር። በጋው ዋጋውን ከዚያ በላይ ካላስጨመረልሽ መጠበቁ ኪሳራ ነው። ዕዳው ሳይነሳ ስም ስለማይዛወር፣ ከባንኩ የቀሪ ዕዳ ደብዳቤ እስከ ቅዳሜ አውጪ። ከሽያጩ ተቀንሶ በቀጥታ ለባንኩ የሚከፈልበትን መንገድም አብረሽ ጠይቂ።

በጋ ነው፦ ዕዳ ካለማ… እሺ፣ ሽጪው።

ቀያሽ፦ ቅዳሜ አለፈ። ድንጋዮቹ ተገኙ?