በግላኮማ ምክንያት ትራምፔት የተወ አለ? ወደ ምን ዞራችሁ?

ነፊው (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ትራምፔት የጀመርኩት በወጣትነቴ ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሆቴል፣ ሠርግ፣ ስቱዲዮ፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በእሱ ነው። የንባብ መነጽር ላሠራ ብዬ ሄጄ የዓይኔ ግፊት ሲለካ ግራው 31 ሆኖ ተገኘ። ጤናማ የሚባለው ከ10 እስከ 21 ነው። ግላኮማ ነው አሉኝ፤ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ። ሕመም የለው፣ መቅላት የለው፤ ነርቩ ግን ተጎድቷል። የጠፋው እይታ አይመለስም፣ የቀረውን እናድን አለኝ ሐኪሙ።

ሥራዬን ጠየቀኝ። ትራምፔት ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። በጠባብ ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበት የመሣሪያው አፍ) አየር አስጨንቆ መንፋት በደረትና በጭንቅላት ያለውን ግፊት እንደሚጨምር፣ ዓይንም ውስጥ አብሮ እንደሚወጣ፣ ኖታው ከፍ ባለና ድምፁ በበረታ ቁጥር እንደሚብስ አስረዳኝ። ስታቆም ይወርዳል፣ ግን የተጎዳ ነርቭ ያንን ውጣ ውረድ አይችለውም፤ ተው አለኝ።

የጥር ሠርግ ገቢ መቅረቱ አንድ ነገር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲስብ ትራምፔት የሚገባባት ክፍተት አለች። ትዝታ ላይ በተለይ። እዚያች ላይ የምትመልስለት መልስ ዘፈኑን ከፍ ታደርገዋለች ወይ ትጥለዋለች። ዕድሜ ልኬን ለዚያች ክፍተት ነው የኖርኩት። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውንና ፉከራውን በሳክስፎን እያወረደ እስከ እርጅናው ሲነፋ አይቼ እኔም እንደሱ እሆናለሁ ብዬ ነበር።

የምጠይቃችሁ፦ በጤና ምክንያት ከትራምፔት ወደ ሌላ የትንፋሽ መሣሪያ የዞረ አለ? ሳክስፎን ወይስ ዋሽንት? ተማሪዎችም አሉኝ፤ ሳይነፉ ማስተማር ይቻላል? ደግሞ ለግላኮማው ጠዋትና ማታ የማደርገውን የዓይን ጠብታ ከጀመርኩ ወዲህ ሌሊት ደረቴ ሲር ሲር ይላል። ልጅ ሳለሁ አስም ነበረብኝ፣ ከተወኝ ቆይቷል። መንፋት ስላቆምኩ ሳንባዬ ሰንፎ ይሆን?

የዓይን ነርስ፦
ጋሼ፣ በመጨረሻ ካነሱት ልጀምር፤ ከሁሉም እሱ ይቀድማል። የጠብታውን ጠርሙስ ያንብቡት። ቲሞሎል የሚል ካለበት ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ። መድኃኒቱ ከዓይን በእንባ ቧንቧ ወደ አፍንጫ፣ ከዚያም ወደ ደም ይገባል፤ አስም ያለበትን፣ ድሮ የነበረበትንም ሰው የመተንፈሻ ቧንቧ ሊያጠብ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረዎት ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አስም እንዳለብዎ የጠየቀዎት ሰው ነበር? ባይጠይቁዎትም ይንገሯቸው። ብቻ ጠብታውን አቋርጠው ዝም ብለው እንዳይቀመጡ፤ ለአስም የማያሰጋ ሌላ ዓይነት አለ፣ ላታኖፕሮስትን የመሰለ።

ስለ መሣሪያው፦ ሁሉም እኩል አይደለም። ትራምፔትና ኦቦ (በቀጭን ሸምበቆ የሚነፋ መሣሪያ) አየሩን አጥብቀው ስለሚይዙት ግፊቱን ብዙ ያወጡታል፤ ሳክስፎን፣ ክላርኔት፣ ፍሉት ያነሰ ነው። ቢሆንም በግምት አይጀምሩ። መሣሪያውን ይዘው ክሊኒክ ይሂዱና ከመንፋትዎ በፊት፣ ከዚያም ነፍተው ወዲያው እንዳቆሙ ይለካልዎ። 

ሆቴል ክራባት የሚያስራችሁ ከሆነ ያላሉት፤ አንገት የሚያንቅ ክራባትም የዓይን ግፊት ይጨምራል። ወንድም፣ እህት፣ ልጆች ካሉዎትም ይመርመሩ፤ በሽታው በዘር ይሄዳል።

የድሮ ትሮምቦን (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦
ወንድሜ፣ አይዞህ። እኔን ያስቆመኝ ጥርስ ነው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ወለቁ፤ ሰው ሠራሽ አስገባሁ፣ ማውዝፒሱ ሲጫነው ይንሸራተታል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። ብዙ ታገልኩ፤ አልሆነም።

ማስተማር ይቻላል፤ እንዲያውም እኔ የተሻልኩ አስተማሪ የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ ነፍቼ አሳይና «እንዲህ» እል ነበር፤ ልጁ እኔን ይቀዳል እንጂ ለምን እንደሆነ አይገባውም። አሁን ሐረጉን በአፌ አዜምለታለሁ፣ በጣቱ ፒስተኑን (የትራምፔቱን ቁልፎች) ሳይነፋ አብሮኝ ይጫናል፣ ቀጥሎ ይነፋል። ትከሻው ወደ ላይ ሲወጣ አየዋለሁ፣ አየር ሲያልቅበት ገና ሳይቋረጥ እሰማዋለሁ። የራስህን መሣሪያ ስትይዝ ይህን ሁሉ አትሰማም።

ስላልካት ክፍተት፦ አሬንጅመንት ጻፍ፤ የትኛው መሣሪያ የት ምን እንደሚነፋ። እኔ ለእዚህ አገር ባንዶች የብራሱን (የትራምፔትና የትሮምቦኑን) ክፍል በኪቦርድ እያወጣሁ እጽፋለሁ። ሌላ ሰው ይነፋዋል፣ እውነት ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን አንጀት ይበላል። ግን የት እንደሚገባና የት ዝም እንደሚል የምትወስነው አንተ ነህ። ያንን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ልጆቹ ክፍተቷን ሁሉ በኖታ ይሞሏታል።

ባለዋሽንት (ባሕር ዳር)፦
ዋሽንት ከያዝክ የትራምፔት ከንፈርህን እርሳው። አታስጨንቀው፤ አየሩ በሸምበቆው ጠርዝ ላይ ለስለስ ብሎ ማለፍ አለበት። ቀዳዳው አራት ነው፣ ጣትህ ቶሎ ይለምዳል፣ ከንፈርህ ግን ይዘገያል። አንድ ዋሽንት አይበቃህም፤ ቁልፉ በርዝመቱ ስለሚወሰን እንደ ዘፋኙ ድምፅ የሚቀያየሩ የተለያየ ቁመት ያላቸው ያስፈልጉሃል።

ነፊው፦
እግዜር ይስጣችሁ። ጠብታው ቲሞሎል ነበር። ተቀይሮልኛል፣ ደረቴ ተሽሎታል፣ ሌሊት እተኛለሁ። እህቴ፣ ይህን ውለታሽን አልረሳውም። ታናሽ ወንድሜም ተመርምሮ የእሱም ግፊት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ገና ነርቩ ሳይነካ።

ከተማሪዬ ዋሽንት ተውሼ ወደ ክሊኒኩ ወሰድኩ። ከመንፋቴ በፊት ግራው 17፣ ከነፋሁ በኋላ 18። ሐኪሙ ፈቀደልኝ፤ በየጊዜው እየተለካሁ።

ትሮምቦኑ ወንድሜ፣ ለልጆቹ አንድ ትዝታ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ሁለት ትራምፔትና አንድ ቴነር ሳክስፎን። ስጨርስ እልክልሃለሁ፣ ሳትራራ አርመው።

ባለዋሽንት፣ አንድ ልጠይቅህ። የተዋስኩት ከኪቦርዱ ጋር ትንሽ ይጣላል፣ ላይኛው ኖታ ላይ ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል። ከኪቦርድ ጋር እየለካ የሚሠራ ሰው ታውቃለህ? ወይስ ዋሽንቱ ደህና ሆኖ አነፋፌ ነው?