ሆርሞኑ ሊያልቅብኝ ነው፤ በምትኩ የተሰጠኝን የወሊድ መከላከያ ልዋጠው?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 43 ነው። ከአራት ወር በፊት በማዮማ (ካንሰር ባልሆነ የማህፀን ዕጢ) ምክንያት ማህፀኔ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ሳምንት ሳይሞላኝም ሙቀት ይለቅብኝ ጀመር። ሐኪሙ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን አዘዙልኝ፤ እህቴ ከውጭ እየላከችልኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስቀይር ሰውነቴ ተረጋግቶ ነበር። አሁን የቀሩኝ ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ የሚላከው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ትናንት አንድ መድኃኒት ቤት ብጠይቅ «ይኼም ያው ሆርሞን ነው» ተብዬ የወሊድ መከላከያ ክኒን ተሰጠኝ። ባለፈው ሌሊት የለጠፍኩት በላብ ተነሥቶ አንሶላው ላይ አገኘሁት፤ ውጭው በኅዳር ውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጋቢዬን ጥዬ፣ በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ክኒኑን ዛሬ ማታ ልጀምር ወይስ ልተወው? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

ከሞላሌ፦
ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ማረጥ ግን የዕድሜ ደረጃ እንጂ በሽታ አይደለም፤ የመንዝ እናቶቻችን ሁሉ ያለ መድኃኒት አልፈውታል። ሆርሞን የጡት ካንሰር ያመጣል ሲባልም ሰምቻለሁ። ተልባ ቆልተሽ፣ ወቅጠሽ፣ በጥብጠሽ ጠዋት ጠዋት ጠጪ።

ከአንኮበር፦
መነሻው ራሱ ልክ አይመስለኝም። ማህፀን ስለወጣ ብቻ ሴት ወዲያው አታርጥም፤ ኦቫሪዎቹ (እንቁላል ማመንጫዎቹ) ከተተዉ የወር አበባው ይቀራል እንጂ ሆርሞን ማመንጨታቸውን ይቀጥላሉ። የወንድሜ ሚስት ማህፀኗ ወጥቶ እንዲህ ያለ ሙቀት አላየችም። እንቅርትም ላብና ሙቀት ሊያመጣ ስለሚችል እሱን ብትመረመሪ ይሻላል።

ጠያቂ፦
ሁለቱም ኦቫሪዎች አብረው ወጥተዋል፤ ግልጽ መስሎኝ ነው ያልጻፍኩት።

ከደብረ ሲና፦
እህቴ፣ ተልባ በማር በጣም ጥሩ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ሞክሪው።

ከአጣዬ፣ በነርስነት የምሠራ፦
እህቴ፣ ክኒኑን አይጀምሩት። የወሊድ መከላከያው እንቁላል እንዳይለቀቅ ለመግታት የተሠራ በመሆኑ፣ ኢስትሮጅን ያለበት ዓይነት ከሆነ መጠኑ እርስዎ ከሚለጥፉት የበረታ ነው፤ ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞንም አለበት። ይህ ሁለተኛው ሆርሞን ማህፀን ላላት ሴት የሚሰጠው የማህፀኗ ግድግዳ በኢስትሮጅን ብቻ እየወፈረ ወደ ካንሰር እንዳይሄድ ነው፤ ማህፀን ለሌላት ግን፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት ሕመም) ከነበረባት በቀር፣ ብዙውን ጊዜ ኢስትሮጅን ብቻውን ይበቃል። የደም ግፊት ወይም የደም መርጋት ካለብዎት ደግሞ ክኒኑ ሊጎዳዎት ስለሚችል ግፊትዎን ዛሬውኑ ይለኩ።

የሞላሌዋ እናቴ ላነሡት፦ በ2002 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያስደነገጠው የአሜሪካ ጥናት ላይ የጡት ካንሰር ጨምሮ የታየው ሁለቱን ሆርሞኖች አብረው በወሰዱ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 63 ገደማ በሆነ ሴቶች ነው። ማህፀናቸው ወጥቶ ኢስትሮጅን ብቻ በወሰዱት ላይ ስትሮክ ጨምሮ ቢገኝም የጡት ካንሰር አልጨመረም። እናቶቻችን ያለፉት ቀስ እያለ የሚመጣውን ማረጥ ነው፤ የእህታችን ሆርሞን ግን በአንድ ቀን ተቋርጦ አጥንቷንና ልቧንም ያሰጋል። ስለዚህ የሚከለክል በሽታ ከሌለ ሆርሞኑ በተፈጥሮ እስከሚታረጥበት እስከ 51 ዓመት ገደማ እንዲቀጥል ይመከራል። ተልባው ለሆድ ድርቀት ደግ ነው፤ የኦቫሪን ሥራ ግን አይተካም።

ለሦስቱ ሳምንት ሐኪምዎን የሚዋጥ ኢስትራዲዮል (አንድ የኢስትሮጅን ዓይነት) ይጠይቁ፤ ከታጣም ሙቀቱን የሚቀንሱ ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ቬንላፋክሲን ወይም ጋባፔንቲን፣ ሊያዝዙልዎት ይችላሉ። በራስዎ ግን አይጀምሩ።

ከሸዋ ሮቢት፦
እኔም ሁለት ዓመት ለጥፌያለሁ፤ የእኛ ቆላ ሙቀት እንኳ አላስነሣብኝም። ከታጠብሽ በኋላ ቆዳሽ ፍጹም እስኪደርቅ ቆዪ፤ ቅቤም ሆነ ቅባት እዚያ ቦታ አይንካ። ከእምብርት በታች ወይም መቀመጫሽ ላይ ለጥፈሽ በመዳፍሽ 10 ሰከንድ ያህል ተጫኚው፤ ጡት ላይ ፈጽሞ አይለጠፍም። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ መቀነት ታጥብቂ እንደሆነ ጠርዙን እያሸ የሚያስነሣው እሱ ነው፤ የእኔን ያስነሣው እሱ ነበር።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነትም መቀነቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነበር የምለጥፈው። ግፊቴ 150 በ95 ሆኖ ስለተገኘ ክኒኑን አልነካሁትም፤ ነገ ጠዋት ሐኪሜ ዘንድ እሄዳለሁ።

ከአጣዬ፣ ነርሷ፦
ግፊቱ በሌላ ቀንም ተለክቶ ክትትል ይፈልጋል። በቆዳ የሚገባው ኢስትሮጅን የደም መርጋትን በማስከተል ከሚዋጠው የቀለለ ስለሆነ፣ ስለ ኢስትራዲዮሉ ከመወሰንዎ በፊት የግፊቱን ቁጥር ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀትም ይያዙ።

ከሞላሌ፦
ልጄ፣ ሦስት ቀን ሆነ፤ ሐኪሙ ምን አሉሽ?