የሴቶች ራግቢ ዓለም ዋንጫ ላይ በምን ሒሳብ ነው የሚገባው? ኬንያ ቀርታ ብራዚል?

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ጀማው። ራግቢ የሚከታተል ካለ አንድ ነገር አስረዱኝ። ባለፈው መስቀል ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ነበርኩ። አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ፣ የአክስቴ ልጅ ቻናል ሲቀያይር ሴቶች የሚጋጩበት ላይ ቆመ። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው አለን። እንግሊዝ ካናዳን 33 ለ 13 ስትረታ አየን። መጀመሪያ ስንስቅ ነበር፣ ኋላ ግን አክስቴ ራሷ ሲኒ ማጠቡን ትታ «ያቺን ልጅ ያዟት!» ስትል ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ ከ81 ሺህ በላይ ሰው!

በማግስቱ እነማን እንደተሳተፉ ሳይ ግራ ገባኝ። ፊጂ አለች። ሳሞአ አለች። ብራዚል አለች። ከአፍሪካ ግን ደቡብ አፍሪካ ብቻ። ኬንያ በራግቢ ስሟ ይነሳ የለም እንዴ? እንደ እግር ኳሱ የደርሶ መልስ ማጣሪያ አለው? ወይስ ፈረንጆቹ እርስ በርስ ተጠራርተው ነው?

ቦርከና

አብሽሪ እህቴ፣ እኔም እስኪገባኝ ብዙ ቆየሁ። እንደ እግር ኳስ አንድ ወጥ ማጣሪያ የለውም። ለ2025ቱ 16 ቦታ ነበር፣ ከዚያ በፊት 12 ነበር። የተገባው በሦስት በር ነው።

አራቱ ማጣሪያ የሚባል አልነካቸውም። እንግሊዝ አዘጋጅ ስለሆነች፣ ኒውዚላንድ፣ ካናዳና ፈረንሳይ ደግሞ በቀደመው ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ስለደረሱ። (የዚያ ዋንጫ ስሙ 2021 ነው፣ በኮሮና ምክንያት የተጫወቱት ግን በ2022 ነው። ስትፈልጊ እንዳትምታቺ።)

ሁለተኛው በር የቀጣና ነው። ስድስት ቀጣና፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቦታ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ፣ ከእስያ ጃፓን፣ ከኦሺኒያ ፊጂ፣ ከሰሜን አሜሪካ ዩናይትድ ስቴትስ፣ ከአውሮፓ አየርላንድ። አየርላንድ ያለፈችው በ2024 የስድስቱ አገሮች ውድድር ሦስተኛ ስለወጣች ነው፣ ከላይዋ የነበሩት እንግሊዝና ፈረንሳይ ቀድመው አልፈዋላ። ብራዚል ደግሞ ኮሎምቢያን አሸንፋ ነው የገባችው። ከደቡብ አሜሪካ በዚህ ዋንጫ የታየች የመጀመሪያዋ ናት፣ ስለዚህ እሷን አትቀየሚያት።

የቀረው ስድስት ቦታ በደብልዩ ኤክስ ቪ ነው። በ2023 የተጀመረ ውድድር ነው። ያኔ 18 ቡድን በሦስት እርከን ይከፈል ነበር፣ በእርከን ስድስት ስድስት። ከዚያ ውስጥ ገና ያላለፉትን ከላይ ወደ ታች ስድስት ቆጥረው ወሰዱ። አውስትራሊያ፣ ጣሊያን፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ ስፔን፣ ሳሞአ። አለቀ።

ወልዴ በረኛው

ቦርከና አሳምረህ አስረዳህ፣ ግን ስሙን አሳምረህ ነው። ቁጠሩት እስኪ። አውሮፓ 7፣ ኦሺኒያ 4፣ ሰሜን አሜሪካ 2። አፍሪካ፣ እስያ፣ ደቡብ አሜሪካ 1፣ 1፣ 1። ይሄ የዓለም ዋንጫ ነው የአውሮፓ ሰርግ? ልጅቷ ተጠራርተው ነው ወይ ያለችው እውነቷን ነው።

የሐይቅ ሻማ

ወልዴ ቁጥርህ ልክ ነው፣ ንዴትህ ግን ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ። በቀጣና የታደለው እኩል ነው፣ ለሁሉም አንድ። የሚያናድደው ሦስተኛው በር ነው፣ እሱን ጠጋ ብላችሁ እዩት።

በ2024 የደብልዩ ኤክስ ቪ አንደኛ እርከን ላይ የነበሩት ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ ኒውዚላንድ፣ ፈረንሳይ፣ አየርላንድና አሜሪካ ናቸው። ስድስቱም በሌላ በር ገብተው የጨረሱ! ሁለተኛው እርከን ላይ ጃፓንና ደቡብ አፍሪካ አልፈዋል፣ የቀሩት አውስትራሊያ፣ ስኮትላንድ፣ ጣሊያንና ዌልስ ናቸው። ቆጠራው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ አራቱ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ቦታቸው የተያዘ ነበር። እንግዲህ የእውነት ትንቅንቅ የነበረው ዱባይ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው እርከን ብቻ ነው። ፊጂ አልፋለች። ስፔን፣ ሳሞአ፣ ኔዘርላንድስ፣ ሆንግ ኮንግና ማዳጋስካር ለሁለት ወንበር ተናነቁ።

አዎ፣ ማዳጋስካር። ግንቦት 2024 አንታናናሪቮ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ከደቡብ አፍሪካ ቀጥላ ሁለተኛ ስለወጣች ነው ዱባይ የሄደችው። ቀንቷት ቢሆን አፍሪካ ሁለት ይኖራት ነበር። ስለዚህ በሩ አልተዘጋብንም። ግን አንዱ ደረጃው ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ሌላው ከምድር ቤት ነው የሚነሳው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

ዋው። ታዲያ ኬንያስ የት ገባች? ከዚያው ከአንታናናሪቮ ነው የቀረችው?

የሐይቅ ሻማ

አዎ፣ እዚያው ተጫውታ ማዳጋስካር በለጠቻት። የሚያንገበግበው ግን የቀደመው ነው። ለ2021ዱ ዋንጫ ኬንያና ኮሎምቢያ ናይሮቢ ላይ ገጠሙ፣ ያሸነፈው ወደ መጨረሻው ማጣሪያ ያልፋል። ኮሎምቢያ 16፣ ኬንያ 15። በገዛ ሜዳዋ፣ በአንድ ነጥብ! ኮሎምቢያም ብዙ አልሄደችም፣ ዱባይ ላይ ስኮትላንድ 59 ለ 3 ሸኘቻት።

የስፖርት መምህሩ

ልጆች፣ ሁለት ነገር ተደባልቆባችኋል መሰለኝ። ኬንያ ስሟ የገነነው በሰባት ተጫዋች በሚደረገው ራግቢ ነው። የኦሊምፒኩ እሱ ነው፣ አጋማሹ ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው፣ 12 ቡድን ይሳተፋል። የኬንያ ሴቶች ሪዮም ቶኪዮም ሄደዋል። መስቀል ላይ ያያችሁት ግን የ15ቱ ነው፣ 80 ደቂቃ። ማጣሪያቸው ለየብቻ ነው። ለ15ቱ ብዙ ሰው፣ ብዙ ገንዘብ፣ ጠንካራ የአገር ውስጥ ሊግ ይጠይቃል፣ ለሰባቱ ግን ጥቂት ፈጣን ልጆች ካሉ መንገድ አለ።

እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለሴቶቹ ልጆች ሳይጋጩ፣ በመንካት ብቻ የሚጫወቱትን ዓይነት አሳይቻቸው ነበር፣ በእግር ኳስ ኳስ። ወደፊት መወርወር ክልክል ነው፣ ወደ ኋላ ብቻ ነው የምታቀብሉት ስላቸው አንዷ «ቲቸር፣ ታዲያ መቼ ነው የምንደርሰው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሮጣችሁ አልኳቸው።

ወልዴ በረኛው

ሃሃሃ ቲቸር ተመችተውኛል። እሺ እኔም ትንሽ ለዘብ አልኩ። ደቡብ አፍሪካስ ገብታ ምን አደረገች? ለቁጥር ነው?

ቦርከና

ኧረ በጭራሽ! ብራዚልን 66 ለ 6 ቀጥቅጣ፣ ጣሊያንን 29 ለ 24 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩብ ፍጻሜ ገባች። እዚያ ኒውዚላንድ አቆመቻት እንጂ። ለዚህ ነው ማጣሪያው ላይ እንዲህ የምንጨቃጨቀው። የሚቀጥለው 2029 አውስትራሊያ ላይ ነው፣ 16 ቡድን። አውስትራሊያ አዘጋጅ ስለሆነች ገብታለች ማለት ነው። የማጣሪያው አሠራር ግን ከዋንጫ ዋንጫ ይቀያየራል፣ የ2025ቱን ሸምድዳችሁ እንዳትከራከሩበት።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

አላህ ይስጣችሁ፣ አሁን ገባኝ። ለአክስቴም አስረዳኋት፣ የአየርላንዷ ላይ ስደርስ «ሦስተኛ ወጥቶ ማለፍ ደግሞ ምን የሚሉት ነው» ብላ ተወችኝ።

መምህር፣ እነዚያ ልጆች አሁንም ይጫወታሉ?

የስፖርት መምህሩ

ዓርብ ዓርብ፣ ሜዳው ከወንዶቹ ሲተርፍ። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ላይ ያቺን ሞላላዋን ኳስ የሚሸጥ ሱቅ የሚያውቅ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።