መስከረም መጨረሻ ቪየና ልሄድ ነው፣ ወይን የት ልጠጣ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ አቦ። እህቴ ቪየና ነው የምትኖረው፣ ለሁለት ሳምንት ልጠይቃት ነው። እኔ ስለ ወይን የማውቀው ጉደርና አክሱሚት ነው፣ እሱንም ከኮካ ጋር። ባለፈው ዘመድ ከጅቡቲ አንድ የፈረንሳይ ቀይ ወይን አመጣልኝ። ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም ሲባል ሰምቼ ቁም ሳጥን ላይ ሁለት ወር አስቀመጥኩት። ለፋሲካ ልከፍተው ስል ቡሹ ወደ ላይ ወጣ ብሏል፣ አንገቱ ዙሪያ ተጣብቋል፣ ጣዕሙ የተቀቀለ ዘቢብ። ቤቱ ሙሉ ሳቀብኝ። አሁን እዚያ ሄጄ ውድ ምግብ ቤት ውስጥ ዝርዝር እያየሁ መሳቀቅ አልፈልግም። ገበሬው ራሱ የሚቀዳበት ቦታ የለም?

ሸዋ በር፦
ስድስት ዓመት ኖሬባት ነው ሐረር የተመለስኩት፣ ስለዚህ ስማኝ። መሀል ከተማውን ተወው። ዲ የምትባለውን ትራም ያዝና መጨረሻው ላይ ኑስዶርፍ ውረድ። ቪየና ከተማዋ ውስጥ ብቻ ከ500 ሄክታር በላይ የወይን ማሳ አለ፣ ትንሽ ወደ ላይ እንደሄድክ መሀሉ ትገባለህ።

የምትፈልገው ሆይሪገር የሚሉትን ቤት ነው። ቃሉ «የዘንድሮ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1784 ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ዮሴፍ ገበሬው የራሱን ወይን ቤቱ ውስጥ እንዲሸጥ ፈቀደ፣ ነገሩ ከዚያ የመጣ ነው። ምልክቱ ደጃፍ ላይ የተንጠለጠለ የጥድ ቅርንጫፍ ነው፤ እኛ ጋ ጠላ ያለበት ቤት እንጨት ላይ ጣሳ እንደሚደፋው። ቅርንጫፍ ከሌለ ዝግ ነው፣ አትድከም።

ሩብ ሊትር እጀታ ባለው ብርጭቆ ይቀዳልሃል። በሶዳ ውሃ መበረዝ ነውር አይደለም፣ እነሱም ያደርጉታል። ኮካውን ግን ተው! ምግቡ ላይ አሳማ ይበዛል፣ ሳትጠይቅ እንዳታነሳ። ሊፕታወር የሚባል ቀይ በርበሬ የገባበት አይብ አለ፣ ከዳቦ ጋር ሸጋ ነው።

የምትሄድበት ወቅት ደግሞ የሽቱርም ነው። ገና እየፈላ ያለ የወይን ጭማቂ፤ ደፍረስ ያለ፣ ጣፋጭ፣ ምላስ የሚቆነጥጥ። በቃ ጉሽ በለው። ቁጭ ብለህ ስትጠጣው ጭማቂ ነው፣ ስትነሳ ነው የሚነግርህ።

አስተናጋጁ፦
ወንድሜ፣ ድሬ ሆቴል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ይሄን ስህተት በየሳምንቱ አያለሁ። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» ያሉት ሰዎች የድንጋይ ቤታቸውን 16 እና 17 ዲግሪ ነው የሚያወሩት፣ የከዚራን ሳሎን አይደለም። ወይኑ ሲሞቅ ይለጠጥና ቡሹን ይገፋል፣ ከዚያ አየር ይገባል፣ አለቀለት። እዚህ አገር ቀዩም ቢሆን ፍሪጅ ይግባ። ልትጠጣው ስትል ቀደም ብለህ አውጣው፣ ብርጭቆው ላይ እያለ ራሱ ይሞቃል፤ ድሬ ነው ያለኸው።

ሳቢያን፦
ኑስዶርፍ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ምን ይሠራል? በባቡር ክሬምስ የምትባል ከተማ ሂድ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ የዳኑብን ወንዝ ይዘህ ወደ ላይ ዋካው የሚባል የወይን አገር ነው። ተራራው በሙሉ በድንጋይ ካብ እርከን ነው፤ ሐረርጌን ታስታውሳለህ፣ ማሽላና ጫቱ ሲቀር። ግሩነር ፌልትሊነር ከሚባለው የወይን ዘር የተሠራውን ነጭ ጠይቅ። የዋካው ነጭ ወይን ሦስት ደረጃ አለው፦ ቀላሉ ሽታይንፌደር አልኮሉ ከ11.5 በመቶ አይበልጥም፣ መካከለኛው ፌደርሽፒል፣ ከባዱ ስማራግድ ከ12.5 ይጀምራል። ስማራግድ የእንሽላሊት ስም ነው አሉ፣ እርከኑ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ አረንጓዴ እንሽላሊት። ለኔ ቀላሉ ይሻላል፣ ከባዱን ያለ ምግብ አትንካው።

ቡና ነጋዴ፦
እኔ አልጠጣም፣ ሃይማኖቴም አይፈቅድልኝም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ነግጃለሁና ስለ ስሙ ልንገርህ። የሐረር ቡና ስትል አገሩን ጠራህ፣ ዘሩን አይደለም። ሳይታጠብ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ መድረቁም ከስሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። የፈረንሳይና የጣሊያን ወይንም እንደዚያው ነው። ባሮሎ መንደር ነው፣ ዘሩ ኔቢዮሎ ይባላል። ሻብሊ ከተማ ነው፣ ዘሩ ሻርዶኔ። ቦጆሌ አገሩ፣ ጋሜ ዘሩ። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የማታውቀው ስም ብቻ ካየህ አትደንግጥ፣ የቦታ ስም ሊሆን ይችላል። ኦስትሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ ዘሩንም ይጽፉልሃል።

የከዚራ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ የርስዎ ነው በደንብ የገባኝ። ትራሙንም ጻፍኩት። ያን ጉሽ ግን አንድ ሁለት ጠርሙስ ይዤላችሁ ልምጣ?

ሸዋ በር፦
ሽቱርም? እንዳትሞክረው። ስለሚፈላ ጋዙ እንዲወጣ ክዳኑ ሆን ተብሎ አይጠብቅም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። ሻንጣ ውስጥ ካስተኛኸው ልብስህ ነው የሚጠጣው።